ከግል ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት፦ በሰባተኛ ወይስ በዘጠነኛ ክፍል?

እህቴ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አነበብኩት። ልጅዎ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍልን በግል ትምህርት ቤት ትጨርሳለች፤ ቤታችሁ ቀበና ነው፤ ክፍያው ከዓመት ዓመት እየናረ ከአቅማችሁ በላይ ሆኗል። ባለቤትዎ «እንደ ምንም ተበዳድረን እስከ ስምንተኛ እናድርሳትና ዘጠነኛን የመንግሥት ትምህርት ቤት ትግባ» ይላሉ፤ እርስዎ ደግሞ ከአሁኑ ሰፈር ውስጥ ካለው የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰባተኛን ብትጀምር ይሻላት እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ግንፍሌ አካባቢ የምኖር እናት ነኝ። በዚሁ ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ክረምቱን ሙሉ ስንከራከር ከርመን ልጃችንን በ2015 ዓ.ም. በሰባተኛ ክፍል አዛወርናት፤ አሁን በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል ደርሳለች፤ ከክፍሏም ከፊተኞቹ አንዷ ናት። ስለዚህ መልሴ፣ አሁኑኑ ያዛውሯት፣ ዘጠነኛን አይጠብቁ የሚል ነው። ምክንያቶቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም እኛን ያቃጠለን እሱ ነው።

1. የትምህርት ቋንቋው ጉዳይ። እንደሚያውቁት በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ የሚዞረው ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። በግል ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ ሳይንሱንና ሒሳቡን ቀድማ በእንግሊዝኛ ስለለመደችው፣ ሌሎቹ ልጆች ከቋንቋው ጋር በሚታገሉበት በዚያ ዓመት እሷ እፎይ ብላ ትማራለች። የእኔዋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጄኔራል ሳይንሱን ትምህርት አጠገቧ ለተቀመጡት ልጆች በአማርኛ ታስረዳ ነበር፤ በዚህም ተከብራ፣ ጓደኛ አፍርታ፣ ማንም «የግል ትምህርት ቤት ቅምጥል» ሳይላት ዓመቱን ጨረሰች። በአንጻሩ የተቸገረችው በአማርኛ ነበር፤ ፊደል ትገድፋለች፣ ድርሰት ጻፊ ስትባል አንድ አንቀጽ አትሞላም። የአማርኛ መምህሯ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ዘወትር ሰኞ ከጋዜጣ አንድ ጽሑፍ ይዛ እየመጣች ክፍሉ ፊት ቆማ እንድታነብ አደረጓት፤ ሁለተኛው መንፈቅ ሳያልቅ ተስተካከለች። ይህ ሁሉ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ቢሆን ኖሮ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪውና ባዮሎጂው ለየብቻ በሚጀመርበት፣ ትምህርት ቤቱም፣ መምህራኑም፣ ልጆቹም አዲስ በሚሆኑበት ጊዜ ላይ ይደረብባት ነበር። በአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜ ያ ሁሉ ለውጥ በአንድ መስከረም መምጣቱ ለሴት ልጅ ከባድ ነው።

2. የዘጠነኛ ክፍል ምደባ። ባለቤትዎ ያላሰቡት ይህን ይመስለኛል። በእኛ ዓመት እንዳየሁት የስምንተኛ ክፍል ውጤት ከተገለጸ በኋላ የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች በጅምላ፣ ስማቸው በዝርዝር ተጽፎ በአቅራቢያቸው ወዳለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተላለፉ፤ ወላጅ የሚጠበቅበት ቀርቦ ማስመዝገብ ብቻ ነበር። ከግል የሚመጣው ልጅ ወላጅ ግን ፋይሉን በብብቱ ይዞ በየበሩ «ቦታ ካለ» እያለ ይለምን ነበር። ጎረቤቴ ልጇን እስከ ስምንተኛ ከፍላ ካስተማረች በኋላ ሰፈር ያለው ሞልቷል ተብላ፣ ልጁ ከከተማው ዳር ተመድቦ ጎሕ ሳይቀድ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሲቆም ከረመ። የከፈለችው ገንዘብ ለዚህ አልነበረም።

በነገራችን ላይ የትምህርት ቤት ስም እያሳደዱ አይድከሙ። ዳግማዊ ምኒልክ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ የአገሪቱ የዘመናዊ ትምህርት መነሻ የሆነ ትምህርት ቤት ነው፤ ለእናንተም ሩቅ አይደለም። ኮከበ ጽባሕም፣ ጥቁር አንበሳም ስማቸው የተጠራ ነው። ሆኖም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን ልጅን የሚያወጣት በሩ ላይ የተጻፈው ስም ሳይሆን ከሰባተኛ ጀምሮ የያዘችው መሠረት ነው። ልጅዎ በጣም ጎበዝ ከሆነች ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ስድስት ኪሎ ያለው እቴጌ መነን አሁን የልጃገረዶች አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ የሚቀበለውም አወዳድሮ ነው። ስለዚህ ሰባተኛና ስምንተኛን በደንብ መሥራት ያንንም በር ይከፍትላታል።

3. ወረቀት። ይህን ከሁሉ አስበልጠው ይያዙልኝ።

የባለቤቴ ስም ገብረ ማርያም ነው። በልጄ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ተያይዞ እንደ አንድ ቃል ተጽፏል። የግል ትምህርት ቤቱ መሸኛውን፣ ማለትም የመዛወሪያ ወረቀቷን፣ ሲሠራ ግን ለሁለት ከፍሎ ጻፈው። ቅጹ ሦስት ሳጥን አለው፤ የተማሪዋ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። «ገብረ» በአባት ሳጥን ገባ፣ «ማርያም» በአያት ሳጥን ገባ፣ ትክክለኛው የአያቷ ስም ከነጭራሹ ጠፋ። ስህተቱን መሸኛውን በተቀበልኩበት መስኮት ላይ ወዲያው አይቼ እንዲታረም ጠየቅኩ። የሰጡኝ መልስ «ማኅተም ተመትቶበታል፣ አዲሱ ትምህርት ቤት ያስተካክለዋል» የሚል ነበር። ያንኑ መሸኛ ለማግኘት እንኳ ለማትማርበት ዓመት የመመዝገቢያ ክፍያ ካልከፈልኩ ብለው ሲያመላልሱኝ ስለቆዩ፣ እንደገና ብጠይቅ ምን እንደሚከተል አውቀው ነበር።

አዲሱ ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ደግሞ «እኛ የምንጽፈው መሸኛው ላይ ያለውን ነው» አለኝ። ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ብሄድ፣ ዕድሜው ለልጅነት የሚደርሰኝ ወጣት ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ያንቺ ልጅ ብቻ አይደለችም፤ ስም ቢለያይ ምን ትሆናለች?» ብሎ ወረቀቴን በጠረጴዛው ላይ ገፋልኝ። እድሜዬን ያላከበረው ያ «አንቺ» አባባል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ምን ትሆናለች ማለት ምን ማለት ነው? የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሰርተፍኬት በዚያው ስም ይወጣል፤ ዘጠነኛ በዚያው ስም ትመዘገባለች፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ በኮምፒዩተር ነው፣ የፋይዳ መታወቂያ ደግሞ በልደት ምስክር ወረቀቷ ስም ተይዟል። ሁለቱ ሳይገናኙ ሲቀሩ የሚቀጣው ጸሐፊው አይደለም፤ ልጅቷ ናት።

ከሥራዬ እየቀረሁ፣ ከደመወዜም እየተቆረጠብኝ ተመላለስኩ። በመጨረሻ የረዱኝ በዚያው ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል የሚሠሩ፣ ለጡረታ የተቃረቡ ሴት ናቸው። ከቀድሞው ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል ሮስተር፣ ማለትም የተማሪዎች ስምና ውጤት መዝገብ፣ ኮፒ እንዳመጣ ነገሩኝ፤ በዚያ ላይ የአያቷ ስም በትክክል ተጽፎ ነበር። የልደት ምስክር ወረቀቷን፣ ሮስተሩን፣ የባለቤቴን የነዋሪነት መታወቂያ አንድ ላይ አያይዘው፣ ሦስቱ ወረቀቶች ስለ አንዲት ተማሪ የሚናገሩ መሆኑን በሁለት አረፍተ ነገር የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፈው፣ ርዕሰ መምህሩን አስፈርመው፣ ማኅተም አስመትተው ሰጡኝ። በዚያ ደብዳቤ ጉዳዩ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች ዝርዝር ከመላኩ ጥቂት ቀደም ብሎ ተስተካከለ። ልጄ የተዛወረችው ሰባተኛ ላይ በመሆኑ ይህን ሁሉ ለመታገል ሁለት ዓመት ያህል ነበረን። ዘጠነኛ ላይ ቢሆን ኖሮ ሰርተፍኬቱ አንዴ ወጥቷል፣ ምዝገባውም በጥቂት ቀናት ይዘጋል፣ ማንም አይሰማንም ነበር።

እርስዎ የተሻለ ዕድል አለዎት፤ አሁን በስድስተኛ ክፍልም ከተማ አቀፍ ፈተና ስላለ የልጅዎን ስም ከመዛወሯ በፊት በውጤት ወረቀቷ ላይ ማየት ይችላሉ። አማርኛውንም፣ የእንግሊዝኛውንም አጻጻፍ ፊደል በፊደል ከልደት ምስክር ወረቀቷ ጋር ያመሳክሩ። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌላት ሰኔን ሳይጠብቁ ከወረዳችሁ ያውጡ። መሸኛውን ሲቀበሉም ሳያነቡ ከመስኮቱ አይነሱ፤ «ቆይተሽ ትመለሻለሽ» ቢሏችሁም እዚያው ይቁሙ።

4. ትምህርት ቤቱን ሲያዩ። ሙሉ ቀን ነው ወይስ በፈረቃ የሚለውን ይጠይቁ፤ በፈረቃ ከሆነ ግማሽ ቀን ማን እንደሚጠብቃት ያስቡ። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውኃ እንዳለው ራስዎ ገብተው ይዩ፤ ይህን ጉዳይ ርዕሰ መምህሩን ጠይቆ ማወቅ አይቻልም። ክፍሉ ብዙ ልጅ ይይዛል፣ ይህን አልደብቅዎትም፤ ልጄ ያን ዓመት በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነው ነበር የሚቀመጡት። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በዚያ ዓመት በወቅቱ ስላልደረሱ በስልክ የተላከውን ቅጂ አራት ኪሎ ፎቶኮፒ ቤት ወስደን፣ ምዕራፍ በምዕራፍ አሳትመን፣ አስጠርዘን ነበር ያጠናችው። መጽሐፉ አሁን ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ግን ከጥቅምት በፊት ያሳትሙ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ፈተና ማንንም አይጠብቅም። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ አይቅሩ። እኔ እዚያ ተቀምጬ የሒሳብ መምህር ሳይመደብላቸው ሳምንታት ማለፋቸውን በስብሰባ ፊት ተናገርኩ፤ ሌሎች እናቶችም ደገፉኝ፤ መምህር ተመደበላቸው። በግል ትምህርት ቤት ሳለሁ ከክፍያ ጭማሪ በቀር ለምንም ጉዳይ ተጠርቼ አላውቅም ነበር።

ከክፍያ የሚተርፈውን ገንዘብ በተመለከተ፣ ሁሉንም ለቤት ወጪ አያውሉት። ከፊሉን ለአስጠኚ ይመድቡ። እኛ የቀጠርነው የአራት ኪሎው ሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ የነበረ ልጅ ነው፤ ለሒሳብና ለፊዚክስ ቅዳሜና እሑድ ቤት ድረስ ይመጣል። ለተቀረው አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ለእኛ ለመሐል ከተማ ነዋሪዎች ትልቅ በረከት ሆኗል፤ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር በእግሯ ሄዳ ታነባለች፣ ክፍያ የለውም፣ ብርሃኑም ጸጥታውም ከቤታችን ይሻላል። ከቀበና እዚያ ድረስ ቅርብ ስለሆነ ለታክሲ የሚወጣ ወጪ አይኖርባችሁም።

ባለቤትዎ የሚፈሩት ልጅቷ ትበላሻለች ብለው ከሆነ፣ የእኔም ባለቤት የሚለው ያንኑ ነበር። አሁን የልጁን ካርድ ለዘመድ የሚያሳየው እሱ ነው። ሰኔ ሲገባ ርዕሰ መምህሩን ከማነጋገርዎ አስቀድመው ሪከርድ ክፍሉ ምን ምን ወረቀት እንደሚፈልግ ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ። የባለቤትዎ ስም እንደ እኛው በሁለት ቃል የሚጻፍ ከሆነም ይንገሩኝ፤ ያንን ደብዳቤ ኮፒ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ፣ አጻጻፉን እንዲያዩት እልክልዎታለሁ።