የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በጨረታ የሚሸጡ የድሮ የእንግሊዝ ብዕሮች

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አባቴ መምህር ነበሩ፤ ፓርከራቸው ከደረት ኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም። የብዕር ፍቅሩ ከዚያ ሳይጋባብኝ አልቀረም። ሰሞኑን ኢቤይ ላይ አንድ እንግሊዛዊ ሻጭ ኮንዌይ ስቱዋርት 75 «እጅግ ብርቅዬ» ብሎ ለጨረታ አቅርቧል። ዋጋው 90 ፓውንድ ደርሷል። «አልተሞከረም» የሚል ተጽፎበታል፤ ፎቶዎቹ ሦስት ሲሆኑ ሁሉም ክዳኑ እንደተከደነ የተነሡ ናቸው። እሑድ ማታ ይዘጋል። ልግባበት?

መልስ፦ ይቅርብዎት። 75 ቁጥር ብርቅ አይደለም። ኮንዌይ ስቱዋርት ከ1905 እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) የሠራ የእንግሊዝ ድርጅት ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንዲህ ያሉትን ብዕሮች ተማሪም ጸሐፊም እንዲገዛቸው በብዛት አውጥቷል። ዛሬ ቢያመልጥዎ ሌላ መምጣቱ አይቀርም። ሰብሳቢ የሚሻማው እንደ 22 ቁጥር ባለ አበባው ላይ ነው። ቁጥሩ ገላው ላይ ከስሙ ጋር ተቀርጾ ይገኛል፤ ሻጩ በቅርብ አንሥቶ ካላሳየዎት ይጠይቁት።

እኔን ከዋጋው በላይ ያልጣመኝ ክዳኑ አለመከፈቱ ነው። ብዕር የሚጠግን ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጫፉን ነው። ጫፉ የ14 ካራት ወርቅ ቢሆንም ወረቀት የሚነካው ወርቁ አይደለም፤ መጨረሻው ላይ የተበየደች፣ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ጠንካራ ብረት ናት። እሷ ካለቀች ወርቁ ራሱ ወረቀት ላይ እየተፋቀ ይሄዳል፣ ብዕሩም ይቧጥጣል። እንደገና የሚያስበይድ ባለሙያ አለ፤ ክፍያው ግን ከብዕሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የጫፉን ፎቶ ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ለፊት ያስልኩ። ከጎን ሲያዩት ቅንጣቷ ወደ ታች አበጥ ብላ መታየት አለባት። ከፊት ሲያዩት በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ጥርሶች እኩል መሆን አለባቸው። «ዋራንትድ» የሚል ብቻ ከተጻፈበትና የኮንዌይ ስቱዋርት ስም ከሌለበት ጫፉ ተቀይሯል።

«አልተሞከረም» ያለው ብዙም አያስጨንቅ። በዚያ ዕድሜ ውስጡ ያለው የቀለም ከረጢት ጎማ ስለሆነ ደርቆ መሰባበሩ የሚጠበቅ ነው። አዲሱ ከረጢት ርካሽ ነው፤ ሼላክ በሚባል ሙጫ ይጣበቃል። ገላውን ለመፍታት በፀጉር ማድረቂያ ለብ ማድረግ ይበቃል። እሳት ግን እንዳያስጠጉ፤ ብዙዎቹ ሴሉሎይድ ከሚባል የድሮ ፕላስቲክ የተሠሩ ስለሆኑ በአንዴ ይቀጣጠላሉ። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ደግሞ ከኬሲን፣ ማለትም ከወተት ፕሮቲን፣ የተሠሩ አሉ። ሲያዩዋቸው ያምራሉ፤ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ቢያድሩ ግን ያብጡና ይጣመማሉ። ገላቸው ከጠንካራ ጥቁር ጎማ የተሠራ አሮጌዎቹ ብርሃንና እርጥበት ሲያገኛቸው ወደ ቡናማ ይለወጣሉ። ጥቁረቱ የሚያብረቀርቅ፣ ጽሑፉ ግን የደበዘዘ ከሆነ አንድ ሰው አሽቶታል ወይም ቀብቶታል፤ እንደዚያ ያለውን እኔ አልገዛም።

ሌላ ሲያገኙ ደግሞ ኢቤይ ላይ ቀኑን ሙሉ አይጫረቱ። የመጨረሻ ዋጋዎን ይወስኑ፤ ሊዘጋ ሰከንዶች ሲቀሩት አንዴ ያስገቡትና ይተዉት። ሌላ ተጫራች ካለ ብቻ እስከወሰኑት ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ይልልዎታል። ትልልቆቹ የእንግሊዝ አጫራቾች ግን ጨረታው በተዘጋበት (በመዶሻው) ዋጋ ላይ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ኮሚሽን ይጨምራሉ። እርስዎ ጀርመን ስላሉ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ 19 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም ይጠብቅዎታል። ይህን ሁሉ ሳይደምሩ ዋጋ አይስጡ።

ለኦኖቶም እንዳይቸኩሉ። የገንዘብ ኖት በማተም የሚታወቀው ደ ላ ሩ ያወጣው ብዕር ነው፤ ከጀርባው ያለውን ዘንግ ፈትተው ስበው ሲገፉት ቀለሙ በአንዴ ሽቅብ ይገባል። እጅግ የምወደው አሠራር ነው። ውስጡ ያለው፣ ቀለም እንዳያፈስ የሚዘጋው ማሸጊያ ካረጀ ግን የጀማሪ ሥራ አይደለም፤ ተጠግኖ የተሸጠውን ይግዙ።

ጥያቄ፦ (ከለንደን) አጎቴ ብራና ጸሐፊ ናቸው። ጥቁር ቀለማቸውን በድሮ ስዋን ብዕር ሞልቼ ፊደል ብጽፍበትስ?

መልስ፦ በፍጹም! የብራና ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው፤ የተበጀውም እየነከሩ ለሚጽፉበት መቃ እንጂ ውስጡ ቀጭን ቦይ ላለው ብዕር አይደለም። አንዴ ከደረቀ ቦዩን ይደፍነዋል፣ ማጽዳቱም ፈተና ነው።

በስዋን ምርጫዎ ግን ደስ ብሎኛል። ስዋንን ከሚሠራው ከሜቢ ቶድ ድርጅት የድሮ ጫፎች መካከል ሲጫኗቸው የሚከፈቱ አሉ፤ እንዲህ ያለው ለፊደላችን ይመቻል። የ«በ»ን ሁለት እግሮች ጫን፣ አናቱን ለቀቅ ሲያደርጉ ውፍረቱና ቅጥነቱ ከመቃው ጽሕፈት ጋር ይቀራረባል። ጥርሶቹ እስኪለያዩ ድረስ ግን እንዳይጫኑ፤ ወርቁ አንዴ ከታጠፈ ወደ ቦታው ለመመለስ አስቸጋሪ ነው። ለፋውንቴን ፔን ተብሎ የተሠራውን፣ በውኃ የሚለቀውን ሰማያዊ ይሙሉበት። ለሳምንታት የማይጽፉበት ከሆነም አጥበው፣ ባዶውን ያስቀምጡት።