ካርዱ ያስተዋውቅሽ፣ አልበሙ ያኑርሽ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽም አብሮት የላክሽው ካርድም ደርሶኛል። ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜው እያየሁት ነው የምጽፍልሽ።

ለሌሎቹ አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጠያቂያችን የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። በሒሳብ አያያዝ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ሥራ ግን አላገኘችም። ቤት ቁጭ ብላ በእጇ የበዓል ካርድ ትሠራለች። በስልኳ ደግሞ የሰዎችን ፎቶ ሰብስባ፣ ጽሑፍና ጌጥ ጨምራ፣ ገጽ በገጽ የትዝታ አልበም ታዘጋጃለች። ለዘንድሮ እንቁጣጣሽ 85 ካርድ ሠርታ 60ውን አንዱን በ50 ብር ሸጣለች። አሁን ሦስት ነገር ትጠይቃለች። ይሄ እንጀራ ይወጣዋል ወይ? ሥራ መፈለጉን ልተው ወይ? የዕቁብ ብሬ ሲደርሰኝ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ልግዛበት ወይ? ዘመድ አዝማዱ ደግሞ «ተመርቀሽ ወረቀት ስትቆራርጪ ትውያለሽ?» እያለ አስጨንቋታል።

ከዘመዶችሽ ልጀምር። እኔ ያደግሁት ደብረ ሲና ነው። ጳጉሜን ስትገባ እኛ ወንዶቹ ደብተር ቀደን፣ መልአክና አበባ ስለን፣ በከለር እናደምቀው ነበር። መስከረም 1 ጠዋት ሥዕሉን ይዘን በየቤቱ እንዞራለን። ሴቶቹ አበባና ለምለም ሣር ይዘው እየዘፈኑ ይመጣሉ። ሰውም ሳንቲም ይሰጠናል፣ ዳቦ ይቆርስልናል። እንግዲህ የበዓል ወረቀት በእጅ ሠርቶ ለሰው መስጠት የእኛው የቆየ ልማድ ነው። አንቺ ያንኑ በትልቅ ሰው እጅ እየሠራሽው ነው። በዚህ አትፈሪ። ዘመዶችሽ የሚፈሩት ገቢውን ከሆነ ግን ልክ ናቸው፤ እሱን አብረን እንየው።

የሒሳብ ሰው ነሽና በራስሽ ቁጥር ላስላልሽ። ለአንድ ካርድ ለወረቀት፣ ለኮላና ለሪባን 18 ብር እንደሚወጣ ጽፈሻል። 85 ካርድ ማለት 1,530 ብር ወጪ ነው። የ60 ካርድ ሽያጭ 3,000 ብር። የተረፈሽ 1,470 ብር ነው። ጊዜውስ? አንዱ ካርድ 40 ደቂቃ ከፈጀ 85ቱ ወደ 57 ሰዓት ገደማ ወስደዋል። ስለዚህ የሠራሽው በሰዓት በ26 ብር ነው። 85ቱም ተሸጠው ቢሆን ኖሮ 48 ብር ይሆን ነበር። ለጓደኛሽ እህት ሠርግ ያዘጋጀሽው አልበም ደግሞ 700 ብር አስገኝቶልሻል፤ ማሳተሚያውን ባለቤቶቹ ናቸው የቻሉት። እርማቱን ጨምሮ ሰባት ሰዓት ፈጀብኝ ብለሻል። ይሄ በሰዓት 100 ብር ነው።

እንግዲህ የእኔ ምክር ከዚህ ይነሳል። ካርዱ ሰው ቤት ገብቶ ስምሽን ይናገርልሽ። እንጀራሽን ግን አልበሙ ላይ ጋግሪ።

25ቱ ካርድ ለምን ቀረ? ካርድሽን ሳየው ገባኝ። ፊቱ ላይ በትልቁ ዓመተ ምሕረቱ ተጽፏል። መስከረም አጋማሽ ላይ ያ ካርድ ሞቷል፤ ለከርሞም አይሆንም። ዓመቱን ተዪው፤ ወይም ገዢው በእጁ የሚሞላበት ቦታ ተዪለት። ሁለተኛው ጣጣ ከቋንቋችን የመጣ ነው። «እንኳን አደረሰህ» ብለሽ ጽፈሻል። ይህን ካርድ ለእናቱ መስጠት የፈለገ ሰው ምን ያድርግ? ለአለቃውስ? «አደረሳችሁ» ለቤተሰብ ሁሉ ይሆናል። «አደረሰዎ» የሚል ጥቂት ለትልልቅ ሰዎች ሥሪ። ይህቺ የፊደል ለውጥ ብቻ ስንቱን ካርድ ከሳጥን እንደምታወጣ ታያለሽ።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። የካርድሽ እጥፋት ላይ ቀለሙ ተሰንጥቆ ነጭ መስመር ወጥቷል። ወፍራም ወረቀት እንዲሁ በእጅ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ማስመሪያ አስደግፈሽ፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመሩን ጫን ብለሽ አስምሪ፤ ከዚያ እጠፊው። ደግሞም ወረቀት እንደ እንጨት የራሱ አቅጣጫ አለው። በቁመቱም በጎኑም ቀስ ብለሽ ጎበጥ ለማድረግ ሞክሪ፤ ቀለል ብሎ በሚታጠፍልሽ በኩል ካጠፍሽው ያን ያህል አይሰነጠቅም። የተለጠፈው አበባ ዙሪያ ደግሞ ወረቀቱ ተጨማዷል፤ ውሃ የበዛበት ኮላ ነው ያደረገው። በጣም ስስ አድርገሽ ቀቢውና በመጽሐፍ ተጭነሽ አሳድሪው። A4 ወረቀት ለሁለት ቆርጠሽ ግማሹን ስታጥፊ 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር ካርድ ይወጣሻል። ከአንድ ወረቀት ሁለት ካርድ ያለ ብክነት ማለት ነው። የአሁኑ መጠንሽ ግን ብዙ ቁራጭ ያስጥልሻል።

አንዱን ካርድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨርሰሽ ወደ ሌላው አትሂጂ። አንድ ቀን መቁረጥ ብቻ፣ አንድ ቀን ማጠፍ ብቻ፣ አንድ ቀን መለጠፍ ብቻ ይሁን። እጅ አንድ ሥራ ሲደጋግም ይፈጥናል። 40 ደቂቃሽ ወደ 25 ቢወርድ ገቢሽ ምን እንደሚሆን አንቺው አስይው።

አንድ ያሳዘነኝ ነገር አለ። ለገና ብለሽ የሠራሽው ናሙና በረዶ የለበሰ ጥድ ነው። ደብረ ብርሃን ውርጭ እንጂ እንዲህ ያለ በረዶ የት አለ? አንቺ እኮ መንዝን ታውቂያለሽ። ጥቁር፣ ነጭና ቡናማ የበግ ፀጉር የተፈተለበት ባና አለሽ። በብራና መጻሕፍት የገጽ አናት ላይ የሚሳለው፣ እየተጠላለፈ የሚሄደው ሐረግ አለሽ። የስፌት ቀለማት አሉሽ። ከአንዷ ባና ጥለት ሦስት የገና ካርድ ይወጣል። የውጭ አገር ጥድ ማንም ከስልኩ በነፃ ያወርደዋል፤ የመንዝን ጥለት በወረቀት ቆርጦ የሚያመጣ ግን ብዙም የለም። ሐረጉን ስትሠሪ የገዳም መጽሐፍ ፎቶ አንስተሽ አትለጥፊ፤ አይተሽ፣ ተምረሽ፣ በእጅሽ ሳዪው። የቅዱሳንን ሥዕል ከካርድ ባታደርጊው እመርጣለሁ። በዓሉ አልፎ ካርዱ መሬት ወድቆ ሲረገጥ የሚያዝነው ብዙ ነው።

ስለ ማሽኑ፦ አትግዢ። ማሽኑ ራሱ ዋጋው ብዙ ነው። ምላጩ ያልቃል፣ ወረቀቱን የሚይዘው ማጣበቂያ ሰሌዳ ይደክማል። እነሱን በየጊዜው ከየት ታመጫለሽ? መብራት የጠፋ ቀንም ይቆማል። በዓመት ሁለት መቶ ካርድ ለምትሠራ ልጅ ስለታም ከተር፣ የብረት ማስመሪያና ጥሩ መቀስ ይበቃታል። የዕቁቡን ብር ለላፕቶፕ አቆዪው፤ ደህና የተያዘ ያገለገለም ቢሆን። አልበሙን በስልክ መሥራት ጀምረሻል፤ ለኅትመት የሚሆን ሥራ ግን በትልቅ ስክሪን ነው የሚያምረው። ጂምፕ፣ ኢንክስኬፕና ስክራይበስ የሚባሉት የፎቶ፣ የሥዕልና የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች በነፃ የሚወርዱ ናቸው።

የላክሽልኝን የሠርግ አልበም አንድ ገጽ አሳድጌ አየሁት። ሙሽሮቹ በስልክ ጥሩ ናቸው። ገጹ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሲታተም ግን ፊታቸው ይደበዝዛል። ለጥራት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል። ለዚህ መጠን ገጽ በየጎኑ 2,362 ፒክስል ማለት ነው። የአንቺ 1,080 ነው። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት የገጹን መጠን አስተካክለሽ ክፈቺ። ደንበኞችሽ ፎቶ በቴሌግራም ሲልኩልሽ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ አለዚያ ቴሌግራም ያሳንሰዋል። በየገጹ ዳር ሲቆረጥ የሚሄድ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምሪ፤ ጽሑፍና ፊት ወደ ጠርዝ አታስጠጊ። ስክሪን ላይ የሚያበራው ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ወረቀት ላይ ፈዘዝ ብሎ እንደሚወጣም አስቀድመሽ ለደንበኛው ንገሪው። ማተሚያ ቤት የምትልኪው ፒዲኤፍ ይሁን፣ ፊደሉም (ፎንቱ) ፋይሉ ውስጥ አብሮ የተያዘ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መለያ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሶፍትዌር የተጻፈ ጽሑፍ ዛሬ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ፊደሉ ፒዲኤፉ ውስጥ ካለ ግን «አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆነ» የሚል ስልክ አይደወልልሽም።

የሰው ፎቶ አደራ ነው። የእህቴ ልጅ የክርስትና ፎቶዎች አንድ ስልክ ላይ ብቻ ነበሩ። ስልኩ ውሃ ውስጥ ወደቀ፤ እስከ ዛሬ ስናነሳው ያመናል። አንቺ ሁሌም ሁለት ቦታ አስቀምጪ። ከኢንተርኔት ያገኘሽውን ጌጥና ሥዕል ደግሞ ሁሉ የእኔ ነው ብለሽ አትሽጪ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ለሽያጭ የተፈቀደውን ብቻ ተጠቀሚ፤ የራስሽ ሐረግ ከሆነማ ማንም አይጠይቅሽም።

ዓመቱን አንድ ወረቀት ላይ ዘርግተሽ እዪው። ለመስከረም 1 ሐምሌ ላይ ሥራ ትጀምሪያለሽ። ለታኅሣሥ 29 ገና፣ ኅዳር ላይ። ጥምቀት አልፎ እስከ ዐቢይ ጾም ሠርግ ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ሠርግ የለም፤ ያን ጊዜ ለመማሪያና ለፋሲካ ካርድ አድርጊው። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ይመለሳል፣ ክረምት መግቢያ ላይ ምረቃ ይመጣል። ዩኒቨርሲቲው ከተማሽ ነው፤ የተመራቂ አልበም ከዚህ የተሻለ ቦታ የለውም። ሸዋ ሮቢት በኩል ለኢድ ካርድ የሚፈልግ ሞልቷል። ኢድ ግን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይመጣል፤ ቀኑን በየዓመቱ አስቀድመሽ አጣሪ።

ለመሥሪያ ቤቶችና ለፋብሪካዎች አንድ ጊዜ 50፣ 100 ካርድ መሸጥ ከጎረቤት ሽያጭ ይሻላል። እነሱ ግን ደረሰኝ ይጠይቁሻል። ያኔ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል። የከተማውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ጠይቂ፤ ከሌሎች ልጆች ጋር ተደራጅተሽ መሥራት ካሰብሽም መነሻሽ እዚያው ነው። ቅድሚያ ግን አንድ ማተሚያ ቤት ሄደሽ ሁለት ወር በነፃም ቢሆን ልሥራ በያቸው። ወረቀት እንዴት እንደሚቆረጥ፣ እንደሚጠረዝ፣ ቀለም እንዴት እንደሚቀየር እዚያ ትማሪያለሽ። ግራፊክ ዲዛይን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የአልበም ሥራሽ ወደዚያ የሚያስገባሽ በር ሊሆን ይችላል።

የሒሳብ ሥራ መፈለጉንስ? አትተዪው። ማመልከቻሽን መላክ ቀጥዪ። እስከ መጪው እንቁጣጣሽ አንድ ዙር በዓልና አንድ ዙር ሠርግ ሥሪ፤ በእያንዳንዱ ሥራ ያገኘሽውን ብርና የፈጀብሽን ሰዓት በደብተር ያዢ። ሥራው በሰዓት ከ100 ብር በላይ እያስገኘ፣ በወር ቢያንስ አራት አልበም ካገኘሽ ያኔ ስለ መተው እናውራ። ከዚያ በታች ከሆነ ከሥራሽ ጎን ለጎን የምትይዢው ገቢ ይሁን። ይህም ነውር የለበትም።

አንድ ነገር ግን ለነገ አታሳድሪ። ካርድሽ ላይ የለጠፍሽው አደይ አበባ የወረቀት ነው። እውነተኛው አሁን ሜዳውን ሞልቶታል፤ ለከርሞ ሐምሌ ላይ ካርድ ስትሠሪ ግን አታገኚውም። ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ልቀሚው። በንጹሕ ወረቀት መሃል አስተኚውና ከባድ መጽሐፍ ጫኚበት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወረቀቱን ቀይሪለት፤ የእናንተ አገር እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል። በሦስት ሳምንት ገደማ ይደርቃል። ከዚያ ፀሐይ በማይነካው ሳጥን አኑሪው። መቶ ያህል ልቀሚ፤ የሚሰበረውም ብዙ ነው።