81 ነጥብ፣ 2 አሲስት

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የሚዞሩት በአንድ ክርክር ዙሪያ ነው፦ በቅርጫት ኳስ ብቻውን የሚያስቆጥር ኮከብ ይበልጣል ወይስ ተቀባብሎ የሚጫወት ቡድን? ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አጣምረናል። ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኮቤ ብራያንት 81 ነጥብ ያስቆጠረበትን ጨዋታ የምንጊዜም ምርጥ ይለዋል። እኔ ግን 46 ጊዜ ወርውሮ 2 አሲስት (ጓደኛ ወዲያው ያስቆጠረበት ቅብብል) ብቻ የሰጠ ሰው ራስ ወዳድ ነው ባይ ነኝ። ማናችን ነን ትክክል?
— ቅብብል ወዳዱ

መልስ፦ በዚያ ምሽት ጉዳይ ቁጥሩ ለወንድምዎ ይፈርዳል። ጥር 22 ቀን 2006 የኮቤ ቡድን ሌከርስ ከቶሮንቶ ራፕተርስ ጋር ሲጫወት እስከ እረፍት 63 ለ 49 እየተመራ ነበር። ኮቤ ከ81ዱ 55ቱን ያስቆጠረው ከእረፍት በኋላ ነው፤ ጨዋታውም 122 ለ 104 በሌከርስ አሸናፊነት አለቀ።

ራስ ወዳድነቱን በስሌት መፈተን ይቻላል። ከሜዳ የወረወረውን 46 ይያዙ። ነጻ ውርወራው 20 ነበር፤ በ0.44 ሲባዛ 8.8 ይሆናል። (0.44 የሆነበት ምክንያት ነጻ ውርወራ አብዛኛውን ጊዜ በጥንድ ስለሚሰጥ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከገባ ኳስ በላይ በጭማሪነት ስለሚመጣ ነው።) ሁለቱ ሲደመሩ 54.8 ሙከራ ናቸው። 81 ለ54.8 ሲካፈል በአንድ ሙከራ 1.48 ነጥብ ይደርሰዋል። በዚያ የውድድር ዘመን የሊጉ (የአሜሪካው ኤንቢኤ) አማካይ 1.07 ገደማ ነበር። ስለዚህ ኮቤ ኳሱን ለሌላ ቢሰጥ ኖሮ ቡድኑ በአማካይ ይከስር ነበር። ነጻ ሆኖ የቆመ ጎበዝ ወርዋሪ ካልሆነ በቀር፣ በዚያ ምሽት ከእሱ የተሻለ አማራጭ አልነበረም።

ክርክርዎ የሚያሸንፈው በሌላ ምሽት ነው። በ2016 የስንብት ጨዋታው ኮቤ 60 ነጥብ ለማስቆጠር 50 ጊዜ ወረወረ፤ ከ12 ነጻ ውርወራም 10 አስገባ። ያው ስሌት 1.09 ይሰጣል፤ ይህም የሊጉ አማካይ ማለት ነው። ለስንብት ድንቅ ነው፤ በሌላ ቀን ግን አሰልጣኝ 50 ውርወራ አይፈቅድም። ስለዚህ ከወንድምዎ ጋር ስትከራከሩ የነጥቡን ብዛት ብቻ ሳይሆን ነጥቡ የተገዛበትን ዋጋም አስሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ተጫዋች ከ60 በላይ አስቆጥሮ ቡድኑ ሲሸነፍ ደጋግሜ አይቻለሁ። እንዴት ሊሆን ይችላል?
— ግራ የገባው

መልስ፦ ምሳሌ አይጠፋም። ማይክል ጆርዳን በ1986 ቦስተን ላይ 63 አስቆጥሮ 135 ለ 131 ተሸነፈ። ዴቪድ ቶምፕሰን በ1978 በ73 ነጥብ፣ ዴቪን ቡከር በ2017 በ70 ነጥብ ተሸንፈው ወጥተዋል። ጥር 22 ቀን 2024 ደግሞ ካርል አንቶኒ ታውንስ ለሚኒሶታ 62 አስቆጥሮ ቡድኑ በሻርለት 128 ለ 125 ተረታ።

አንዳንዱ ጊዜ ነገሩ የሚነበበው ተገልብጦ ነው። ቡድኑ የተሸነፈው አንዱ ብዙ ስላስቆጠረ ሳይሆን፣ ቡድኑ ገና ከጅምሩ ስለተመራ ኳሱ ሁሉ ወደ አንዱ ሄደ። በቡከር ጨዋታ ፊኒክስ መሸነፉን እያወቀ ቁጥሩን ለማሳደግ ሲል በመጨረሻ ደቂቃዎች ሰዓት ያስቆም፣ ሆን ብሎም ፋውል ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለውን ምሽት የጨዋታ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይገባም።

የታውንስ ግን እውነተኛ ትምህርት አለው። በመጀመሪያው አጋማሽ 44፣ እስከ ሦስተኛው ሩብ መጨረሻ 58 ነበረው። በአራተኛው ሩብ የጨመረው 4 ነጥብ ብቻ ነው። ሁለት ነገር ይደርሳል። አንደኛው እግር ነው፤ የደከመ እግር ውርወራን ያሳጥራል፣ ኳሱም የቅርጫቱን የፊት ጠርዝ እየመታ ይመለሳል። ሁለተኛው የአራቱ ጓደኞች ነገር ነው። ኳስ ሳይነካ ስድስትና ሰባት ጥቃት ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ ኳሱ ሲደርሰው እጁ ቀዝቅዟል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቆሞ የሚያይ ሰው ወደ መከላከልም ዘግይቶ መመለሱ ነው፤ ሁለት እርምጃ ዘግይቶ መመለስ ለተጋጣሚ የፈጣን ጥቃት በር ይከፍታል። ይህ ጉዳት በኮከቡ ስም አይመዘገብም።

ጥያቄ፦ የወጣቶች ቡድን አሰልጣኝ ነኝ። አንድ ልጅ ብቻውን ግማሹን ነጥብ ያስቆጥራል። ተጋጣሚዎች ነቅተው ለሁለት ይይዙታል፤ ከዚያ በኋላ ጥቃታችን ይቆማል። ልጁን ላስቀምጠው ወይስ ምን ላድርግ?
— አሰልጣኙ

መልስ፦ አያስቀምጡት። ለሁለት የሚያስይዝ ተጫዋች ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ሁለት ተከላካይ እሱ ጋ ከሄዱ አራት ጓደኞቹን የሚይዙት ሦስት ብቻ ናቸው። ችግሩ ያለው ይህ ብልጫ ሳይሠራበት ሰዓቱ ማለቁ ላይ ነው።

መጀመሪያ የአቋቋማቸውን ነገር ያስተካክሉ። ሁለት ልጆች በሁለቱ ማዕዘን፣ ተረከዛቸው ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ይሁን። በፊባ (ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሜዳ ይህ መስመር ከቅርጫቱ 6.75 ሜትር፣ በማዕዘኖቹ 6.60 ሜትር ይርቃል። አንዱ ከኮከቡ ተቃራኒ በሆነው ክንፍ፣ ረጅሙ ልጅ ደግሞ ከቅርጫቱ አጠገብ ከቀለሙ ሳጥን (ከቅርጫቱ ሥር እስከ ነጻ ውርወራ መስመር ካለው አራት ማዕዘን) ወጣ ብሎ ይቁም። በውጭ መስመር ላይ ባሉት መካከል ቢያንስ 4 ሜትር ይኑር፤ ከዚያ ከጠበበ አንድ ተከላካይ ሁለቱን ባንድ ዓይን ይይዛቸዋል። ኮከቡ ኳስ የሚቀበልበት ቦታም ወሳኝ ነው። ከጎን መስመር ጋር ተጣብቆ ከተቀበለ መስመሩ ራሱ ሦስተኛ ተከላካይ ይሆናል። ከመሃል ወይም ከነጻ ውርወራ መስመሩ ጫፍ ቢቀበል ግን ሁለተኛው ተከላካይ ከየት እንደሚመጣ ያያል።

አሁን ሁለተኛው ተከላካይ እየሮጠ ነው እንበል። ልጁ ተይዞ እስኪቆም አይጠብቅ። ተከላካዩ ሁለትና ሦስት እርምጃ ሲቀረው አንዴ ወደ ኋላ ድሪብል አድርጎ (ኳሱን ወለል ላይ እየመታ ሄዶ) ሁለቱንም ወደ ራሱ ይሳብ፤ ከዚያ ይልቀቅ። በዚያው ቅጽበት ረጅሙ ልጅ እጁን አንስቶ ወደ ነጻ ውርወራው መስመር መሃል ይውጣ። ኳሱን እዚያ ሲቀበል ደረቱ ወደ ቅርጫቱ ይዙር። ፊቱ ክፍት ከሆነ ይወርውር፤ አንዱ ሊገታው ከወጣ ያ ሰው የተወውን ማዕዘን ይይ። ለማሰብ ያለው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ነው። ከዚያ በላይ ከያዘው ሁለቱ ተከላካዮች ይመለሳሉ፤ ብልጫውም ያበቃል።

ልምምዱን በሁለት ክፍል ይሥሩት። በመጀመሪያ አራት ለሦስት፣ ለ6 ደቂቃ፣ ለአንድ ሰው አንድ ድሪብል ብቻ ተፈቅዶ። ቀጥሎ አምስት ለአምስት፣ ለ12 ደቂቃ፤ ተከላካዮቹ ኮከቡ ኳስ በያዘ ቁጥር የግድ ለሁለት ይያዙት። እሱ ራሱ ካስቆጠረ 1 ነጥብ፣ ከመያዙ በኋላ ሌላው ካስቆጠረ 3 ነጥብ ይስጡ። ልጆች ነጥብ ያሳድዳሉ፤ ስብከት ከሚያደርገው ይህ ይበልጥ ያደርጋል።

የሚበላሹት ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ ናቸው። ልጁ አየር ላይ ዘሎ ያቀብላል፤ ከዘለለ በኋላ ሐሳቡን መቀየር አይችልም። በሁለቱ ራስ ላይ አንስቶ ያቀብላል፤ ከፍ ብሎ የሚሄድ ኳስ አየር ላይ ስለሚቆይ ይጠለፋል፤ በጎናቸው ወለል መትቶ የሚያልፍ ኳስ ይሻላል። የማዕዘኑ ልጅ ጓጉቶ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፤ በዚህም ተከላካዩን ራሱ ወደ እርዳታው ያስጠጋዋል። ረጅሙ ልጅ ደግሞ ኳሱን ተቀብሎ ወለል ላይ ይመታዋል፤ ያቺ አንድ ድሪብል የግማሽ ሰከንዱን ብልጫ ትበላለች።

አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ኮከቡን ራሱን ለጓደኞቹ ስክሪን እንዲያደርግ (ቆሞ የጓደኛውን ተከላካይ መንገድ እንዲዘጋ) ያስተምሩት። የእሱ ተከላካይ ፈርቶ አይለየውም፤ ስለዚህ ስክሪኑን ተጠቅሞ የወጣው ልጅ ብዙ ጊዜ ብቻውን ይቀራል። ስቴፈን ከሪ ኳስ ሳይነካ ጓደኞቹን ነጻ ከሚያወጣባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ በድሮው ኤንቢኤ አንድ ለአንድ መጫወት ይቀል ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በአንድ በኩል አዎ። እስከ 2001 ድረስ ሊጉ የዞን መከላከልን (ሰው ሳይሆን ቦታ መጠበቅን) ይከለክል ነበር፤ ተከላካይ ወይ የራሱን ሰው መያዝ ወይ ሙሉ በሙሉ ሄዶ ለሁለት መያዝ ነበረበት። ስለዚህ አራቱን ወደ አንድ ወገን ሰብስቦ ሌላውን ወገን ለኮከቡ ባዶ ማድረግ ይቻል ነበር። ከ2001–02 ጀምሮ ዞን ተፈቀደ፤ ሰው ሳይዝ በቀለሙ ሳጥን ውስጥ ከ3 ሰከንድ በላይ የሚቆም ተከላካይ ግን ይቀጣል። እርዳታው አሁን ኳሱ ሳይንቀሳቀስ በፊት መንገዱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በሌላ በኩል ከ2004–05 ጀምሮ ከውጭ ያለውን አጥቂ በእጅ መግታት በጥብቅ ስለተከለከለ የመጀመሪያውን ተከላካይ ማለፍ ቀለለ። አንዱን በር ዘጉ፣ ሌላውን ከፈቱ።

ጥያቄ፦ ያለ ኮከብ ዋንጫ ይወሰዳል?
— የፒስተንስ ደጋፊ

መልስ፦ ይወሰዳል፤ ግን እምብዛም። የእርስዎ ዲትሮይት በ2004 ሻኪል ኦኒልንና ኮቤን የያዘውን ሌከርስ 4 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ በዚያ መደበኛ ውድድር ከፍተኛው አስቆጣሪው ሪቻርድ ሃሚልተን በአማካይ 17.6 ነጥብ ብቻ ነበረው። ሳን አንቶኒዮም በ2014 ማያሚን 4 ለ 1 ሲረታ ከፍተኛው አስቆጣሪው ቶኒ ፓርከር በ16.7 ነበር። ሁለቱም ቡድኖች በመከላከል የጠነከሩ ነበሩ፤ ይህ በአንድ ክረምት አይገነባም።

ይልቅ የዊልት ቻምበርሊንን ነገር ይመልከቱ። በ1961–62 በጨዋታ 50.4 ነጥብ አስቆጠረ፤ መጋቢት 2 ቀን 1962 በኒውዮርክ ላይ 100 አስገባ፤ ዋንጫ ግን አላገኘም። በ1966–67 ነጥቡ ወደ 24.1 ወረደ፣ አሲስቱ 7.8 ሆነ፤ ቡድኑ 68 አሸንፎ 13 ብቻ ተሸነፈ፣ ዋንጫውንም ወሰደ። በዙሪያው የነበሩት ጓደኞች የተሻሉ መሆናቸው እርግጥ ነው፤ ዊልት ያንን አይቶ መለወጡን ግን ልንነፍገው አይገባም።

ተቃራኒውም ይሠራል። የ2001ዱ ፊላደልፊያ ለአለን አይቨርሰን በጨዋታ 31.1 ነጥብ የሚሆን ኳስ ሰጥቶ፣ ኤሪክ ስኖውን፣ አሮን ማኪን፣ ዲኬምቤ ሙቶምቦን የመሳሰሉ መከላከልንና ሪባውንድን (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ መያዝን) ሥራቸው ያደረጉ ሰዎችን በዙሪያው አሰለፈ። እስከ ፍጻሜ ደረሰ። እኛ ይህን የቡድን ሥራ እንለዋለን፤ የአራቱ ድርሻ ኳስ መያዝ ስላልነበረ ብቻ ስሙ አይለወጥም።

ጥያቄ፦ የቡድን ሥራን በአሲስት ብዛት መለካት ይቻላል?
— ቁጥር ወዳዷ

መልስ፦ በከፊል ብቻ። በ1993 ፍጻሜ ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ፊኒክስ ቺካጎን 98 ለ 96 እየመራ ነበር። በአራተኛው ሩብ እስከዚያ ድረስ ቺካጎ ያገኛቸውን 9 ነጥቦች በሙሉ ያስቆጠረው ጆርዳን ነበር፤ አዳራሹ ሁሉ እሱ ይወረውራል ብሎ ጠበቀ። ጆርዳን ለስኮቲ ፒፐን ሰጠ። ፒፐን ወደ ውስጥ ገብቶ ከመሠረት መስመሩ አጠገብ ለቆመው ለሆራስ ግራንት አቀበለ። ግራንት በዚያ ምሽት 1 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ ወደ ቅርጫት ከመወርወር ይልቅ ወደ ውጭ ለጆን ፓክሰን መለሰው። የፓክሰን ተከላካይ ዳኒ ኤንጅ ለእርዳታ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ፓክሰን 3.9 ሰከንድ ሲቀር ሦስት ነጥቡን አስገባ፤ 99 ለ 98።

በመዝገቡ ላይ አሲስቱ የግራንት ነው። መከላከሉን ያናጋው የፒፐን ወደ ውስጥ መግባት፣ ኳሱን የለቀቀው የጆርዳን ቅብብልም በአሲስት ረድፍ የሉም። ተከላካዩ ፋውል ሠርቶበት ነጻ ውርወራ ያገኘ ጓደኛዎንም ኳስ ያቀበለው ሰው አሲስት አያገኝም፤ ስክሪን ያደረገውም እንደዚያው። ኤንቢኤ ዛሬ ከአሲስት በፊት ያለውን ቅብብልና ወደ ነጥብ የመራውን ስክሪን ለብቻ ይቆጥራል።

በቤትዎ ሆነው በእርሳስ ሊቆጥሩት ከፈለጉ እንዲህ ያድርጉ። ተጋጣሚ ሁለተኛ ተከላካይ ወደ ኮከቡ በላከ ቁጥር አንድ መስመር ያስምሩ። በቀጣዩ ሁለት ቅብብል ውስጥ ነጻ ውርወራ ወይም ያልተያዘ ሰው ውርወራ ከተገኘ ከመስመሩ አጠገብ ክብ፣ ኳሱ ተመልሶ ለኮከቡ ከደረሰ የነጥብ ምልክት (•)፣ ከባከነ ደግሞ መስቀል ያድርጉ። ውርወራው ገባ አልገባ አይቁጠሩ። ሁለት ጨዋታ እንዲህ ከቆጠሩ፣ የትኛው ቡድን ኮከብ እንዳለውና የትኛው ኮከቡን መጠቀም እንደሚያውቅ ከወረቀቱ ላይ ያነቡታል።