መልስ፦ አዳማ ላይ ዲሹ ኢትዮሳትን አልይዝ ላለህ

ሪሲቨሩ ስትሬንግዝ (የሲግናል ጉልበት) 80 እያሳየ ኳሊቲው (የሲግናል ጥራት) ዜሮ ከሆነ ችግሩ ኬብሉ ሳይሆን አቅጣጫው ነው። ዲሹ ለናይልሳት የተተከለ ነው ብለሃል፤ ስለዚህ አሁንም ወደ ምዕራብ እያየ ነው። ኢትዮሳት ያለው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው።

1. ሪሲቨሩ ላይ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ፖላራይዜሽን ኤች (H)፣ ሲምቦል ሬት 45000 አስገባ። የድሮ ኤስዲ ሪሲቨር ከሆነ አትድከም፣ ኤችዲ ያስፈልግሃል።

2. ዲሹን በታኅሣሥ ፀሐይ ወደምትወጣበት አዙረው፤ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ማለት ነው። ለናይልሳት ከነበረው ይልቅ በደንብ ወደ ላይ ቀና ይበል። ከዚያ በጣም በቀስታ ግራና ቀኝ። ሪሲቨሩ ዘግይቶ ነው የሚያሳየው፤ በነካኸው ቁጥር ትንሽ ጠብቅ። አንድ ሰው ቲቪው ጋ ሆኖ ይጩህልህ።

3. ኳሊቲው ሲመጣ ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ለፊት ያለውን ሲግናል ተቀባይ) እዚያው ጠምዘዝ እያደረግክ ከፍ የሚልበትን ፈልግ። ብዙ ሰው ይቺን ይዘላታል።

ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ካርድ ልሽጥልህ የሚልህን አትስማው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። የአዳማን ነፋስ ታውቀዋለህ፣ የነፋስ ኃይል ተርባይኖቹ እዚያ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ቆርቆሮ ላይ በሽቦ የታሰረ ዲሽ ሲወዛወዝ ነው የሚከርመው። የዲሹን ማቆሚያ ብረት ግድግዳ ላይ በፊሸር ምታው። ብሎኖቹንም ኳሊቲውን እያየህ ተራ በተራ አጥብቅ፤ አንዱን ብቻ ጭርስ አድርገህ ካጠበቅከው ዲሹ ይንሸራተትብሃል።