የሞተር ዘይት ምርመራ ውጤት እንዴት ይነበባል?

ስለ ሞተር ዘይት የላቦራቶሪ ምርመራ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ሦስቱን መርጠን መልስ ሰጥተናል። የመጀመሪያው ጠያቂ ሁለት የምርመራ ውጤቶችን አያይዘው ስለላኩልን ጉዳያቸውን ሰፋ አድርገን ተመልክተነዋል።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ወደ ሎጊያና ሠመራ ጭነት የሚያመላልሱ ሦስት ኢሱዙ ኤፍ ኤስ አር መኪኖች አሉኝ። ከአንዱ መኪና ሁለት ጊዜ የዘይት ናሙና አስወስጄ በአንድ የማሽነሪ አስመጪ በኩል ወደ ላቦራቶሪ ልኬ ነበር። ሁለቱም ናሙናዎች የተወሰዱት ዘይቱ 5,000 ኪሎ ሜትር ከሠራ በኋላ ሲሆን፣ የዘይቱ ዓይነትም ያው 15ደብልዩ-40 ነው። በመጀመሪያው ውጤት ብረት 22፣ አሉሚኒየም 5፣ ክሮሚየም 1፣ ሲሊከን 9 ነበር። በሁለተኛው ግን ብረት 61፣ አሉሚኒየም 16፣ ክሮሚየም 5፣ ሲሊከን 41 ሆኗል። እርሳስ ከ3 ወደ 4፣ መዳብ ከ4 ወደ 5 ብቻ ከፍ ሲል ሶዲየም ባለበት 6 ላይ ነው። በ100 ዲግሪ ሙቀት የተለካው የዘይቱ ውፍረት ከ14.2 ወደ 13.9 ወርዷል። መካኒኬ ሞተሩ ወርዶ መታደስ አለበት ይላል። መኪናው ግን ጉልበቱ አልቀነሰም፣ ጭስም አያወጣም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ሞተሩን ለጊዜው አያስወርዱ፤ ከሁሉ አስቀድመው የአየር መግቢያውን ያስፈትሹ። ይህን የምንለው በግምት ሳይሆን የላኩልን ቁጥሮች በአንድነት ሲነበቡ ወደዚያው ስለሚያመለክቱ ነው።

በውጤቱ ላይ የሠፈሩት የብረታ ብረት ቁጥሮች ከአንድ ሚሊዮን የዘይት ክፍል ውስጥ ምን ያህሉ ያ ንጥረ ነገር እንደሆነ ያሳያሉ። ሞተርዎ 10 ሊትር ዘይት ይዟል ብንል፣ 61 የተባለው ብረት ሁሉም ተሰብስቦ ቢመዘን ግማሽ ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ላቦራቶሪው ይህን የሚለየው ዘይቱን እጅግ ከፍተኛ በሆነ ሙቀት አቃጥሎ፣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚሰጠውን የየራሱን ብርሃን በመለካት ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ የአሜሪካ የባቡር ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የናፍጣ ባቡሮቻቸውን ሞተር በዚሁ መንገድ ይከታተሉ ነበር።

አሁን ቁጥሮቹን በየቡድናቸው እንያቸው። የአቧራ ዋነኛው ክፍል ሲሊከን ያለበት ማዕድን ሲሆን አሉሚኒየምም በአፈር ውስጥ በብዛት ይገኛል። ስለዚህ ሁለቱ ተያይዘው ሲያሻቅቡ፣ በተለይ በአዋሽና በሚሌ መካከል ባለው ዓይነት መንገድ ለሚሠራ መኪና፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከአየር ጋር የሚገባ አቧራ ነው። አቧራው ከዘይት ጋር ተደባልቆ በፒስተን ፋሻዎችና በሲሊንደሮች ግድግዳ መካከል ሲገባ ይፈጫቸዋል፤ ፋሻዎቹ ብዙውን ጊዜ ክሮሚየም የተቀቡ በመሆናቸው ክሮሚየም፣ ሲሊንደሮቹ ደግሞ ብረት በመሆናቸው ብረት ይጨምራል። በእርስዎ ውጤት ላይ የታየውም ይኸው ነው። በአንጻሩ ከብሮንዚና፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ ከሚሽከረከርበት መቀመጫ፣ የሚመጡት እርሳስና መዳብ ብዙም አልተንቀሳቀሱም። ሶዲየም ባለበት መቆሙ የራዲያተር ኩላንት ወደ ዘይቱ እንዳልገባ ያመለክታል። ውፍረቱ 13.9 መሆኑም ለ40 ቁጥር ዘይት ከተወሰነው ከ12.5 እስከ 16.3 ከሚደርሰው ልክ ስላልወጣ፣ ናፍጣ ከዘይቱ ጋር አልተቀላቀለም ለማለት ያስደፍራል። አንድ ሰው ከዚህ ሁሉ ውስጥ 61 የምትለውን ቁጥር ብቻ ነጥሎ ቢያይ ሞተሩ አለቀ ብሎ መደምደሙ አይቀርም፤ ስህተቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሲሊከን በሌላ ምክንያትም ሊጨምር ይችላል። በሁለቱ ናሙናዎች መካከል ሞተሩ ተከፍቶ በሲሊኮን ማጣበቂያ ተገጥሞ ከሆነ፣ ማጣበቂያው ራሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። እንዲህ ሲሆን ግን ብረትና ክሮሚየም አብረው አያሻቅቡም፤ ስለዚህ የእርስዎ ጉዳይ ይህ አይመስለንም።

በፍተሻው ጊዜ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ ያስፈቱና ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጥረጉት። ጨርቁ ላይ ደቃቅ አቧራ ከታየ ቀዳዳውን አገኙት ማለት ነው፤ የላላ ማሰሪያ፣ የተሰነጠቀ ጎማ፣ ወይም በቤቱ ውስጥ በትክክል ያልተቀመጠ ማጣሪያ ሊሆን ይችላል። በዚህ አጋጣሚ አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ፤ በየጋራዡ የተለመደው፣ የወረቀት ማጣሪያን በኮምፕረሰር እየነፉ መልሶ የመግጠም ልማድ ብዙ ሞተር ያበላሻል። ኃይለኛ አየር ወረቀቱን ይበሳዋል፤ ቀዳዳው በዓይን ባይታይም አቧራው ግን ያልፍበታል። አዲስ ማጣሪያ መግዛት ለአንድ ፋሻ ከሚወጣው ወጪ ጋር እንኳ የሚወዳደር አይደለም።

ችግሩ ከተገኘና ከተስተካከለ በኋላ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ቀይረው፣ ቀጣዩን ናሙና 5,000 ሳይጠብቁ በ2,500 ኪሎ ሜትር ያስወስዱ። ያን ጊዜ ቁጥሮቹን በቀጥታ ከቀድሞው ጋር ሳይሆን በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ አካፍለው ያነጻጽሩ። በመጀመሪያው ጊዜ ብረት በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 4.4 ነበር፤ በሁለተኛው 12.2 ደርሷል። በ2,500 ኪሎ ሜትር ላይ ብረት ከ11 እስከ 18 ባለው ውስጥ ቢገኝ ሞተሩ ወደ ቀድሞ ሁኔታው እየተመለሰ ነው ማለት ይቻላል፤ ከ11 ትንሽ የሚበልጠው ዘይት ሲቀየር በሞተሩ ውስጥ የሚቀር አሮጌ ዘይት ስለሚኖር ነው። ሲሊከን ወርዶ ብረትና ክሮሚየም ግን ባሉበት ከቀጠሉ ፋሻዎቹ ተጎድተዋል፤ በዚህ ጊዜ የሲሊንደሮቹን ግፊት አስለክተው ከመካኒክዎ ጋር ስለ ጥገናው መነጋገር ተገቢ ይሆናል።

ናሙናው ምንጊዜም ሞተሩ ሞቆ እያለ ይወሰድ። የማፍሰሻው ብሎንና ዙሪያው ይጠረግ፤ መጀመሪያ የሚወርደው ጥቂት ዘይት ይለፍና መካከል ላይ ከሚፈሰው በንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ይቀዳ። በናሙናዎቹ መካከል ዘይት ተጨምሮ ከሆነ መጠኑ ይመዝገብ፤ ሳይመዘገብ የተጨመረ ዘይት ቁጥሮቹን አቅጥኖ ያሳስታል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ያገለገለ ቶዮታ ሃይላንደር ልገዛ እያሰብኩ ሲሆን ሻጩ የዘይት ናሙና እንድወስድ ፈቅዶልኛል። ምርመራው 40 ዶላር ገደማ ያስወጣል። በአንድ ናሙና የመኪናውን ጤንነት ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ በከፊል ይቻላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ሻጩን ዘይቱ ከተቀየረ ስንት ማይል እንደሄደ ይጠይቁት። ዘይቱ ለሽያጭ ሲባል በቅርቡ የተቀየረ ከሆነ ውጤቱ የሚናገረው ስለ አዲሱ ዘይት እንጂ ስለ ሞተሩ ስላልሆነ ገንዘብዎን አያውጡ። 3,000 ማይልና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ይጠቅምዎታል። ያለፈ ታሪክ ስለሌለዎት ማነጻጸሪያዎ ላቦራቶሪው ከተመሳሳይ ሞተሮች የሰበሰበው አማካይ ነው፤ ኢንዲያና ውስጥ በፎርት ዌይን ያለው ብላክስቶን ለምሳሌ ይህን አማካይ ከውጤቱ ጎን አትሞ ይልካል።

በአንድ ናሙና ብቻ ትልቅ ነገር ሊገልጹ የሚችሉት ሶዲየምና ፖታሲየም ናቸው። ኩላንት ወደ ዘይት ሲገባ ውኃው በሞተሩ ሙቀት ተንኖ ሊጠፋ ይችላል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን አይተኑም። ሁለቱም ከአማካዩ እጅግ ከፍ ብለው ከተገኙና ዘይቱ በተፈጥሮው ሶዲየም ያለበት ዓይነት ካልሆነ፣ ከሲሊንደሮቹ ክዳን ሥር ያለው ማሸጊያ ሳይመረመር መኪናውን አይግዙ። ናሙናውን በመለኪያ ዘንጉ ቀዳዳ በትንሽ መምጠጫ ፓምፕ ማውጣት ስለሚቻል ሻጩ ዘይቱን ማፍሰስ አያስፈልገውም። ስለ ማርሽ ሳጥኑ፣ ስለ ፍሬኑና ስለ ሻንሲው ዝገት ግን ይህ ምርመራ ምንም ስለማይነግርዎ መኪናውን ለመካኒክ ማሳየትዎ አይቅር።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ እነዳለሁ። ዘይቴ በ1,500 ኪሎ ሜትር ስለጠቆረ መካኒኩ ተበላሽቷል ብሎኛል። ላቦራቶሪ ባላገኝስ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የዘይት መጥቆር ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም። ጥሩ ዘይት ጥላሸትን አጥቦ በውስጡ የሚይዝ ኬሚካል ስላለው ይጠቁራል፤ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።

በቤትዎ ሁለት ነገር ማድረግ ይችላሉ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከመለኪያ ዘንጉ አንድ ጠብታ በነጭ የቡና ማጥለያ ወረቀት ላይ ጣል አድርገው ጥቂት ሰዓታት ያቆዩት። ጥቁረቱ ከመካከል ወደ ዳር ቀስ በቀስ እየሳሳ ከተስፋፋ ዘይቱ ገና ጥላሸቱን መሸከም ይችላል፤ መካከሉ ላይ ድፍን ጥቁር ነጥብ ሆኖ ከቀረና ዙሪያው ንጹሕ ከሆነ አቅሙ አልቋል፣ ይቀየር።

ሁለተኛው የወጣውን የዘይት ፊልትሮ ከፍቶ ማየት ሲሆን፣ ይህ በላቦራቶሪ ለሚያስመረምሩም የሚጠቅም ነው፤ ምክንያቱም ከላይ የገለጽነው የብርሃን መለኪያ ከጥቂት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) የሚበልጡትን ቅንጣቶች በደንብ አያይም። ቆርቆሮውን በብረት መጋዝ አይቁረጡ፤ የመጋዙ ፍርፋሪ ከሞተሩ የመጣ ይመስላል። በቆርቆሮ መቁረጫ ከፍተው የታጠፈውን ወረቀት ያውጡና ዘይቱን ጨምቀው በፀሐይ ብርሃን ይዘርጉት። አልፎ አልፎ የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ነጥብ ቢታይ አያስጨንቅም። በጣት የሚዳሰስ ስባሪ ካገኙ ግን ማግኔት ያስጠጉበት፤ የሚሳብ ከሆነ ብረት ነው፣ የማይሳብና ቢጫ ወይም ብርማ መልክ ያለው ከሆነ ከብሮንዚና የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ በሁለቱም ሁኔታ ሞተሩን ሳያስነሱ ስባሪውን በወረቀት ጠቅልለው ለመካኒክዎ ያሳዩት።