ወተት ሳንባን አያጥብም

ባለፈው ሰሞን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስሄድ መንገድ ዳር ተንበርክኮ ግራናይት በግራይንደር የሚቆርጥ ወጣት አየሁ። ውኃ የለም፤ ቅንድቡም፣ ሽፋሽፍቱም፣ ጆሮው ውስጥ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶታል። ቆሜ መቅረቴን ሲያይ ማሽኑን አጠፋና «አባባ፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። ሐኪም እንደነበርኩና አቧራው እንዳሳሰበኝ ነገርኩት። «ማታ ማታ ወተት እጠጣለሁ፤ አይበቃኝም?» ሲል ጠየቀኝ። እዚያው ባጭሩ መለስኩለት፤ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ። ከብዙ ዓመታት በፊት ሌላ ሰው ይህንኑ ጠይቆኝ ነበርና። ስለዚህ ለእሱና ለእኩዮቹ ልጽፍ ተነሣሁ፤ ድንጋይ ለምትቆርጡ፣ ለምትበይዱ፣ ባትሪ ለምትጠግኑ፣ ወርቅና ብር ለምታቀልጡ ልጆቼ።

የወተቱን ነገር ላስቀድም። የምንውጠው ነገር ወደ ጨጓራ ይወርዳል፤ የምንተነፍሰው በሌላ ቧንቧ ወደ ሳንባ ይገባል። ወተት ሳንባ የሚደርስበት መንገድ የለውም። ሆኖም ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እንደ ወተት ካለ ምግብ ካልሲየም የሚያገኝ ሰው በአፉ የገባ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ከአንጀቱ ወደ ደሙ የሚያልፈው በመጠኑ ያነሰ ነው። በትንፋሽ የገባውን ግን ወተት አይመልሰውም። ለነገሩ ከዓመቱ ብዙው ቀን ጾም ነው፤ በጾም ቀን ያ አቧራ የሚጾም አይመስለኝም።

እኔ የፓቶሎጂ ሐኪም ነበርኩ። ከሕመምተኛ የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ እመረምራለሁ እንጂ ሕመምተኛውን ራሱን የማየው ከስንት አንዴ ነው። አንድ ቀን ከሳንባ የተወሰደ ናሙና ደረሰኝ። አብሮት በመጣው ወረቀት ላይ ዕድሜ፣ ጾታና አድራሻ ተሞልቷል። ሳል፣ የክብደት መቀነስ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ወስዶ አልተሻለውም ይላል፤ በአክታው ውስጥ ባክቴሪያው አንድም ጊዜ አልተገኘም። «ሥራ» የሚለው መስመር ባዶ ነው።

በጤናማ ሳንባ ውስጥ የአየር ከረጢቶቹ ግድግዳ እጅግ ስስ ነው፤ በአንዱ ወገን አየር፣ በሌላው ወገን ደም አለ፤ ኦክስጅን የሚያልፈው በዚያ ስስ ግድግዳ ነው። በዚህ ሰው ናሙና ላይ ከረጢቶቹ በነበሩበት ቦታ ክብ ክብ ጠባሳ ተተክሏል፤ ለሁለት እንደተከፈለ ሽንኩርት ድርብርብ ሆኗል። የብርሃን ማጣሪያውን ሳዞረው በጠባሳው መካከል ደቃቅ ነጥቦች ደመቅ ብለው ታዩኝ። ሰውየውን አምጡልኝ አልኩ።

አርባ ያልሞላው ሰው ነበር። ደረጃውን ወጥቶ ሲገባ ለመናገር ትንፋሹን መሰብሰብ ነበረበት። ሲጨብጠኝ እጁን አየሁት፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ቆዳው ደንድኖ ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ ታጥቦ የማይለቅ ግራጫ ዱቄት አለ። ሥራውን ስጠይቀው «የመቃብር ሐውልት እሠራለሁ፤ ግራናይት እቆርጣለሁ፣ ስም እቀርጻለሁ» አለኝ። በዚያ ሁሉ የሕክምና ምልልስ ሥራውን የጠየቀው ሰው አልነበረም። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሐኪም ከጥንት ጀምሮ ሐኪሞች ለሕመምተኛ በሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚል እንዲጨመር ያሳሰበው እ.ኤ.አ. በ1700 ነው። ይኸው ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ መስመሩ ባዶ ሆኖ ይመጣል።

«ዶክተር፣ ወተት በየቀኑ እጠጣ ነበር፤ አንሶኝ ነው?» አለኝ።

ለእሱ ያስረዳሁትን ለእናንተም ልድገመው። ግራናይት ሲቆረጥ በዐይን የሚታየው ነጭ ደመና ዋናው ጠላት አይደለም፤ አብዛኛውን አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል። የሚያሰጋው ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ያነሰው የማይታይ ብናኝ ነው፤ እሱ እስከ መጨረሻዎቹ ከረጢቶች ይዘልቃል። እዚያ ማክሮፋጅ የሚባሉ ሕዋሳት ዘብ ቆመዋል። ሥራቸው ባክቴሪያና ቆሻሻ ውጠው በሚፈጭ ፈሳሽ ውስጥ ማሟሟት ነው። ሲሊካ የሚባለውን የድንጋይ ፍንካችም እንደ ልማዳቸው ይውጡታል፤ ድንጋይ ግን አይፈጭም። በሕዋሱ ውስጥ ያለውን የፈሳሽ ቋት ይቀደዋል፣ ፈሳሹ ይፈስሳል፣ ሕዋሱ ራሱን በልቶ ይሞታል። ሲሞት ድንጋዩ እንዳለ ይወጣል። ሌላ ማክሮፋጅ መጥቶ ይውጠዋል፤ እሱም ይሞታል። እየሞቱ የሚለቁት ኬሚካል ጠባሳ የሚሠሩ ሕዋሳትን ይጠራል። አዲስ የተቆረጠ ድንጋይ ገጽታው ከቆየው ይልቅ ለሕዋስ የከፋ ነው፤ ቆራጩ የሚተነፍሰው ደግሞ ይህንኑ አዲሱን ነው። ሰውየው ሥራውን ዛሬ ቢያቆም እንኳ የገባው ድንጋይ ሥራውን አያቆምም። ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። በዚያ ላይ ማክሮፋጆቹ ስለደከሙ እውነተኛው የሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ ይገባል፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይህ ነው፤ የድንጋዩ ጠባሳና ነቀርሳው በራጅ ላይ ይመሳሰላሉ፣ አንዳንዴም አብረው ይኖራሉ። ካንሰርም አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ብናኝ እ.ኤ.አ. በ1997 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ተርታ መድቦታል።

ሥራውን እንዲተው ነገርኩት። «ድንጋዩን ብተው ልጆቼን ምን ላብላቸው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት የሥራ ቦታውን ሄጄ አየሁ። መሀል ከተማ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የማይርቅ ቆርቆሮ ቤት ነው። ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ጢም እንኳ አላበቀሉም። አንዱ ይቆርጣል፤ ሌላው በደረቅ መጥረጊያ ይጠርጋል፤ ጠራጊው የሚያስነሣው አቧራ ከቆራጩ አያንስም። ሻያቸው አቧራ እንዳይገባበት ብርጭቆውን በካርቶን ቁራጭ ከድነውታል። ባለቤቱ በትሕትና ተቀበለኝ። በውኃ ቁረጡ ስለው «ውኃና ኤሌክትሪክ?» አለኝ። ስጋቱ ልክ ነበር፤ ተራ የእጅ ግራይንደር ላይ ውኃ ማፍሰስ ሰው ይገድላል። ለውኃ ተብሎ የተሠራ መቁረጫ እንዳለ ነገርኩት፤ ዋጋውን ጠየቀኝና ዝም አለ። ልጆቹን ለራጅ እንዲልክልኝ ለመንኩት፤ እሺ አለኝ።

አልመጡም። ሰውየው በተከታዩ ክረምት ሞተ። ከዚያ በኋላ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ስመለስ ቦታው ፈርሶ ሜዳ ሆኗል፤ ልጆቹ የት እንደሄዱ የሚያውቅ ጎረቤት አላገኘሁም። ሰውየውን ማዳን አይቻልም ነበር። የልጆቹ ሳንባ ግን ያን ጊዜ ገና ንጹሕ ሊሆን ይችል ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ዛሬ በሕይወት ካሉ የጎልማሳነት ዕድሜ ላይ ናቸው፤ ምናልባት የእነሱ ልጆች ይህን ያነቡ ይሆናል።

እርሳስን ሳስብ ደግሞ ጎረቤታችን ይመጡብኛል። በልጅነቴ በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ያረጁ የእርሳስ ፊደሎች ለሰፈር ልጆች ያመጡልን ነበር፤ «ሀ»ንና «መ»ን በጣቴ ዳስሼ የለየሁት በእነሱ ነው። እናቴ ፊደል ቆጠረ ብላ ስትደሰት ትዝ ይለኛል። ሰውየው ሁልጊዜ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ፊታቸው ይገረጣል፤ ሲስቁ በጥርሳቸው ሥር፣ በድዳቸው ጠርዝ ላይ ጥቁር ሰማያዊ መስመር ይታያል። ዓመታት አልፈው ሕክምና ትምህርት ቤት ስገባ ያ መስመር የእርሳስ መመረዝ ምልክት መሆኑን ተማርኩ። በደም ስላይድ ላይ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳት በሰማያዊ ነጠብጣብ ተነቅሰው ይታያሉ። እርሳስ በሕዋሳችን ውስጥ በካልሲየም ቦታ ስለሚገባ ነርቭንም አጥንትንም ያታልላል፤ የደምን ቀይ ቀለም የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ያግዳል። በአጥንት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል፤ ሴት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ጽንሱ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። የእርሳስ ፊደል ዛሬ ቀርቷል፤ ባትሪ ፈትቶ እርሳስ የሚያቀልጠው ወጣት ግን አሁንም በጋራዡ ጥግ አለ። በሥራ ልብሱ ቤቱ ገብቶ ሕፃን ልጁን ያቅፋል፤ ሕፃን ደግሞ የዋጠውን እርሳስ ከአዋቂ ብዙ እጥፍ ወደ ደሙ ያስገባል። ልብሳችሁን እዚያው ሥራ ቦታ ለውጡ፤ ለብቻው ይታጠብ።

ስለ ሌሎቹ ብረቶች ባጭሩ እላለሁ። ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጓሮ የምትሠሩ፣ አንዳንዱ መበየጃ ካድሚየም አለበት፤ ጢሱ ሳንባን ይጎዳል፣ የተረፈው በኩላሊት ውስጥ ለአሥር፣ ለሃያ፣ ለሠላሳ ዓመት ይከማቻል። ስትገዙ ካድሚየም የሌለበትን ጠይቁ። በያጆች፣ የማይዝግ ብረት ስትበይዱ ክሮሚየም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ዘረ መልን ይጎዳል፤ ማንጋኒዝ ለዓመታት ሲጠራቀም እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እርምጃ ያዘገያል። ዚንክ የተቀባ ላሜራ በይዳችሁ ማታ የሚያንዘፈዝፋችሁ ትኩሳት ጉንፋን አይደለም፤ የብረቱ ጢስ ነው።

የዛሬ ወጣት ችኩል ነው፤ እውነቱን ልናገር። ለጫማው ንጽሕና የሚጨነቀውን ያህል ለትንፋሹ አይጨነቅም፤ ማስክ ሲሰጡት ፊቴን ይደብቃል ይላል። ግን ደግሞ መልሼ ሳስበው፣ እኔ በዚያ ዕድሜዬ ከማላውቀው ሽማግሌ ጋር ሥራ አቁሜ አልነጋገርም ነበር፤ ያ ልጅ አቆመ፣ ጠየቀ፣ እስከ መጨረሻው ሰማ። ጥፋቱን በእናንተ ላይ መጫን አልፈልግም። መከላከያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስተማር የአሠሪው ግዴታ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን በግልጽ ደንግጓል። የሚሻለውም ማስክ አይደለም፤ አቧራው ከምንጩ እንዳይነሣ ማድረግ ነው፤ ውኃ ያለው መቁረጫ፣ አቧራ የሚስብ ማሽን፣ በእርጥብ መጥረግ። ለኩሽና የሚነጠፈው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከመቶው ከ90 በላይ ሲሊካ ሊሆን ስለሚችል አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከልክላዋለች። ነጭ እምነ በረድ በአንጻሩ ሲሊካው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ምን ድንጋይ እንደምትቆርጡ እወቁ።

ያ ሁሉ እስኪሟላ ድረስ ግን ማስክ አድርጉ፤ ጨርቁን ሳይሆን ኤን 95 የሚባለውን። ጢም ባለበት ፊት ላይ አይገጥምም፤ በጎን የሚገባው አየር ያንኑ ብናኝ ይዞ ይገባል።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ባይጠይቃችሁም ሥራችሁን ተናገሩ፤ ምን እንደምትቆርጡ ወይም እንደምታቀልጡ፣ ስንት ዓመት እንደሠራችሁ። ካርዱ ላይ ካልጻፈው ጻፍልኝ በሉት። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ አክታችሁ ይመርመር፤ ነቀርሳ አይደለም ቢባልም አያበቃምና የድንጋዩን ነገር አንሡ። ገና ጤነኛ ሳላችሁ፣ ሥራውን በጀመራችሁ ሰሞን አንድ የደረት ራጅ ተነሡ፤ ፊልሙን ከትምህርት ማስረጃችሁ ጋር አስቀምጡት። በኋላ የምትነሡትን ሐኪሙ የሚያነጻጽረው ከእሱ ጋር ነው።