ለተራራ ምን እንያዝ? ከጅማ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

መስቀል አልፎ ዝናቡ ጋብ ሲል ስለ ሰሜን ተራሮችና ስለ ባሌ የሚጠይቁን አንባቢዎች ይበዛሉ። ዛሬ የመረጥናቸው ጥያቄዎች ጅማ ላይ ሆነው ጓዝ ለሚያሰናዱ የሚሆኑ ናቸው። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። እዚህ ብንበሰብስ እንኳ ቤት ገብተን ልብስ እንቀይራለን፤ 3,600 ሜትር ላይ ግን ብርዱን አደገኛ የሚያደርገው እርጥበቱ ነው።

«ታኅሣሥ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ሰሜን ተራሮች አራት ቀን ልንጓዝ ነው። ጂንስ፣ ቲሸርቶች፣ ሌዘር ጃኬትና ጋቢ አለኝ። ይበቃኛል?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

አይበቃህም። የልብሱ ብዛት ሳይሆን ዓይነቱ ነው የማይሆነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። እዚያ ከሚታደርባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው ግጭ ካምፕ 3,600 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል።

ጂንሱም፣ ቲሸርቱም፣ ጋቢውም ጥጥ ናቸው። ጥጥ ላብም ዝናብም ይመጥጣል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ከረጠበ ደግሞ ሙቀት አይዝም። አቀበት ስትወጣ ያላበህበት ቲሸርት ፀሐይ እንደጠለቀች ያንቀጠቅጥሃል። ከሥጋህ ላይ ፖሊስተር ልበስ፤ ተራ የእግር ኳስ ማልያ ይሆናል። በላዩ የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ (ለስላሳ የፖሊስተር ሹራብ)፣ ከሁሉም በላይ ቆብ ያለው ውሃ የማያስገባ ጃኬት ደርብ። ሱሪህም ቀጭንና ቶሎ የሚደርቅ ይሁን። ሐሙስ ገበያ ልባሽ ስትመርጥ ከአንገቱ ወይም ከጎኑ ያለውን መለያ አንብብ፤ 100 ፐርሰንት ጥጥ ከሆነ እለፈው።

ማልያ፣ ሱሪና ካልሲ ያለበት አንድ ቅያሪ ለመኝታ ብቻ ለይ። ቀን ምንም ቢመጣ አይለበስም። የሱፍ ኮፍያና ጓንት አትርሳ። ቀን ላይ ደግሞ ሰፊ ባርኔጣ፣ መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጉሃል፤ እዚያ ከፍታ ላይ ብርዱ እያለም ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። ጋቢው ለማታ፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስ፣ ግሩም ነው። ሌዘሩን ለአውቶቡሱ ልበሰው።

«ከልባሽ ተራ የውጭ አገር የተራራ ጫማ ገዛሁ። ምንም ያልተደረገ ይመስላል። በማስቲሽ ላስጠናክረው?» (ከፈረንጅ አራዳ)

መጀመሪያ ይፈትሹት። አዲስ መምሰሉ ማስረጃ አይሆንም። የብዙ ተራራ ጫማዎች ሶል ከታች ጠንካራ ጎማ፣ በመካከል ደግሞ ፖሊዩሬታን የሚባል ስፖንጅ መሰል ንብርብር አለው። ይህ ንብርብር የአየር እርጥበት እየገባበት ከዓመታት በኋላ ይበሰብሳል፤ ሳይለበስ መጋዘን የቆየ ጫማም አይተርፍም። ሙቀትና እርጥበት ያለበት አገር ላይ ደግሞ ይፋጠናል። ሱቅ ውስጥ ደህና የነበረው በሁለተኛው ቀን ቁልቁለት ላይ ሶሉን ጥሎ ይቀራል።

ጫማውን ከጣቶቹ በኩል ይዘው በኃይል ይጠፉትና መካከለኛውን ንብርብር ከጎን ይዩት፤ ደቃቅ ስንጥቅ ካለ አይመኑት። የአውራ ጣት ጥፍርዎን ይጫኑበት። ደህናው ተመልሶ ይነሳል፤ የተበላሸው ጎድጉዶ ይቀራል ወይም እንደ ደረቅ አይብ ይፈረፈራል። ይህን ካዩ ማስቲሽ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ማጣበቂያው ቢይዝም የተያዘው ራሱ ይፈርሳል። ንብርብሩ ጤናማ ሆኖ የታችኛው ጎማ ጠርዝ ብቻ ከተነሳ ግን ጫማ ሰፊ ለጥፎ ዙሪያውን ቢሰፋው ያገለግላል።

ልኩን ከሰዓት በኋላ፣ እግር አበጥ ሲል፣ በወፍራም ካልሲ ይሞክሩ። ክሩን ሳያስሩ እግርዎን ወደ ፊት ሲገፉ ተረከዝዎ በኩል አንድ ጣት መግባት አለበት፤ አለበለዚያ ቁልቁለቱ ላይ የእግር ጥፍርዎ ይጠቁራል። ከጉዞው በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጭቃውም አቀበቱም ላይ ያድርጉት፤ ቦርሳ ተሸክመው ቢሆን ይመረጣል። ሦስት ሜትር ሲባጎና አንድ ጥቅል ሰፊ ፕላስተር ይያዙ፤ ሶል ከተላቀቀ እስከ ካምፕ የሚያደርስዎ እሱ ነው።

«በቅሎ ስለሚጫን ቦርሳ አያስፈልግም ተባልን። እውነት ነው?» (አምስት ሆነው የሚጓዙ መምህራን)

አይደለም። በቅሎዋ በራሷ ፍጥነት ነው የምትሄደው። ዝናብ ሲመጣ ጃኬታችሁ እሷ ላይ ከሆነ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ጓዙን ሁለት አድርጉት። ጀርባችሁ ላይ የዝናብ ጃኬት፣ ሹራብ፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ምሳ፣ መድኃኒትና የራስ ባትሪ ይሁን። ሌላው በበቅሎ ይሂድ፣ ግን ለስላሳ በሆነ ከረጢት። ጠርዝ ያለው ሻንጣ የከብቱን ጎን ያቆስላል። ግራና ቀኙ ክብደቱ እኩል ይሁን፤ አለበለዚያ ጭነቱ እየተንሸራተተ በየመንገዱ ያስቆማችኋል።

ማዳበሪያ ከረጢት ውሃ አይከለክልም። ስሊፒንግ ባጉን (የመኝታ ከረጢቱን) እና የመኝታ ልብሱን ለየብቻ በወፍራም ላስቲክ ክተቱ፣ አየሩን ተጭናችሁ አስወጡ፣ አንገቱን ጠምዝዛችሁ እጠፉትና እሰሩት። ተራ ፌስታል ስለሚቀደድ አይሆንም። የቦርሳ የዝናብ ሽፋን ብቻውንም አትመኑት፤ በጀርባ በኩል ውሃ ይገባል።

ሁሉንም ራሳችሁ የምትሸከሙ ከሆነ ከክብደታችሁ አንድ አምስተኛ አትለፉ፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ማለት ነው። ስሊፒንግ ባግ ከታች፣ ከባዱ ዕቃ ጀርባችሁን ተጠግቶ በትከሻ አጥንቶች መካከል፣ ቀላሉ ወደ ውጭ፣ የዝናብ ጃኬት ከሁሉ በላይ። ከባዱ ወደ ውጭ ከራቀ ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትታችኋል። መጀመሪያ የወገቡን ቀበቶ ዳሌ አጥንት ላይ አጥብቁ፤ የትከሻው ማንገቻ ከዚያ በኋላ ነው የሚሳበው።

«ስሊፒንግ ባጌ ሻገተ። የድንኳኔም ውስጡ እጅ ይይዛል፣ ይሸታል።» (ከቆጪ)

ሁለቱም እርጥበት ነው። ስሊፒንግ ባጉን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና እጠቡት፤ አትጠምዝዙት። እያገላበጣችሁ እስከ ውስጡ ድረስ አድርቁ፤ በጅማ አየር ብዙ ቀን ሊወስድ ይችላል። ሽታው ይለቃል፣ የሻጋታው ነጥብ ግን ይቀራል። ከዚህ በኋላ በጠባቡ ከረጢት ጠቅጥቃችሁ አታስቀምጡት፤ ነፋስ በሚያገኝበት ስቀሉት። ተጨፍልቆ የከረመ ሙሌት ተመልሶ አይነፋም፣ አያሞቅምም።

ድንኳኑ ላይ የሚጣበቀው ውሃ እንዳያስገባ የተቀባው ሽፋን ነው፤ ፈርሷል፣ አይመለስም። ከሥር የሚነጠፍ ሸራ አድርጉት። ለሚቀጥለው ድንኳን፦ ካምፕ ላይ ደርቆ ቢታጠፍም ጤዛ ይዞ ይመጣልና ቤት እንደገባችሁ ጥላ ሥር ዘርጉት። ኃይለኛ ፀሐይ ናይለኑን ያደክመዋል።

አዲስ ስሊፒንግ ባግ የምትገዙ ከሆነ መለያው ላይ ካሉት የሙቀት ዲግሪ ቁጥሮች የምቾቱን (Comfort የሚለውን) ተመልከቱ። ዝቅተኛውና አስፈሪው ቁጥር በሕይወት ለመቆየት እንጂ ለእንቅልፍ አይደለም። ለግጭ የምቾት ቁጥሩ ከዜሮ በታች 5 ቢሆን ይመረጣል። ከሥሩ ውሃ የማይመጥጥ ምንጣፍ ያስፈልጋል፤ የፍራሽ ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል።

«ለማብሰያ ትንሿን የጋዝ ቆርቆሮ ልያዝ ወይስ ነጭ ጋዝ?» (ከአጂፕ)

በአውሮፕላን ከሄዱ ሁለቱንም መጫን አይፈቀድም፤ ሲደርሱ ይግዙ። ቡቴን ብቻ ያለበት ቆርቆሮ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ በደንብ አይነድም። ፕሮፔን ወይም አይሶቡቴን የተቀላቀለበት ይሻላል፤ ሌሊት ከሰውነትዎ አጠገብ ያሳድሩት። ነጭ ጋዝ በብርድ አይሰንፍም፣ ግን ጠርሙሱ በደንብ ካልተከደነ ምግቡን ሁሉ ያሸተዋል። የቱንም ቢይዙ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ አያንድዱ፤ ከእሳቱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ተኝተው ይቀራሉ።

3,600 ሜትር ላይ ውሃ 88 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላና ምስር ነዳጅ ይጨርሳሉ እንጂ ቶሎ አይበስሉም። ሽሮ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ይያዙ። የምንጭ ውሃ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያፍሉት።

«ራስ ዳሸን ለመውጣት ገመድና ኦክስጅን ያስፈልጋል?» (ከጊንጆ)

በተለመደው መንገድ አያስፈልግም። 4,550 ሜትር ቢሆንም በእግር የሚወጣ ነው፤ ጫፉ ላይ ብቻ ድንጋዩን በእጅ እየያዙ ትንሽ መውጣት አለ። ከገመድ ይልቅ ሰውነትዎ ከፍታውን እንዲለምድ ቀን ይጨምሩ፦ አንድ ሌሊት ደባርቅ፣ ቀጥሎ ሳንቃ በር ካምፕ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ከዚያ በላይ አይውጡ። እንደ ሰካራም መንገዳገድ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ማጠር ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይወረዳል።

«ፓወር ባንኬ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) ነው። አውሮፕላን ላይ ያሳልፉኛል?» (ከዚያው)

74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከተፈቀደው 100 ዋት ሰዓት በታች ነው፤ ያልፋል። በእጅ ቦርሳ ብቻ ይያዙት፣ በሚጫን ሻንጣ አይገባም። ብርድ የባትሪን ጉልበት ስለሚቀንስ ሌሊት ከስልክዎ ጋር ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ያስገቡት።